ሦስት ጊዜ የሚገፋ ባቡር



በየዓመቱ በዚህ መጽሔት የርእሰ መምህር መልእክት በሚወጣበት ገጽ ላይ ስለ ውጤት፣ ስለ ሥነ ሥርዓትና ስለ ሰዓት ማክበር ስጽፍ ቆይቻለሁ። ዘንድሮ ግን አንድ የተማሪ ጥያቄ ዕዳ ሆኖብኛልና እሱን ልክፈል።

በጥር ወር የሳይንስ መምህራችን ታመው ሁለት ቀን ስለ ቀሩ የ8ኛ ክፍልን ክፍለ ጊዜ እኔ ያዝኩ። ትምህርቱ ስለ መሬት ስበት ነበር። ሊያልቅ ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር የአጎቷ ልጅ የላከላትን ቪዲዮ ትናንት ማታ አይታለች። ስልክ ወደ ክፍል ማስገባት ስለማይፈቀድ ያየችውን በጣቷ አየር ላይ እየሳለች ነገረችን። ሰዎች የተቀመጡበት ባቡር ወደ ፊት ይስፈነጠራል፤ ቀጥ ያለ ሐዲድ ላይ ይወጣል፤ ግን ጫፍ ሳይደርስ ወደ ኋላ ይመለሳል። በኋላ በኩልም እንዲሁ ወጥቶ ይመለሳል። በሦስተኛው እስከ ማማው ጫፍ ይደርሳል፤ እዚያም ሰዎቹ እግራቸው ወደ ሰማይ፣ ጭንቅላታቸው ወደ መሬት ይሆናል።

«ቲቸር፣ ለምን አይወድቁም?» አለች።

እኔም ለሠላሳ ዓመት የማውቀውን መልስ ሰጠሁ። ውኃ የያዘ ባልዲ በክንዳችሁ ብታሽከረክሩ ውኃው አይፈስም፤ ባቡሩም እንደዚያው ነው፤ ፍጥነቱ ይይዛቸዋል አልኩ። ክፍሉ ረካ። እሷ ግን አልረካችም። «ግን ቲቸር፣ እዚያ ጫፍ ላይ ሲደርስ'ኮ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ሊቆም ምንም አይቀረውም» አለች። «በቪዲዮ ስለሆነ ነው እንጂ ፈጣን ነው» ብዬ አለፍኳት። ደወል ተደወለ።

ቅዳሜ ዕለት ቤቴ ቁጭ ብዬ ተመሳሳይ ቪዲዮ ፈልጌ አየሁ። ልጅቷ ልክ ነበረች። ባቡሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ያዘግማል። ስለዚህ የባልዲው መልስ እዚያ ቦታ ላይ አይሠራም። የተሳሳተ መልስ የሰጠሁት በአርባ ልጆች ፊት ስለሆነ እርማቱም በአደባባይ መሆን አለበት ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ማሽኑ ምንድን ነው?

በመዝናኛ ፓርኮች ውስጥ ሰው ጭኖ በተጠማዘዘ ሐዲድ ላይ የሚወርድና የሚወጣው ባቡር ሮለር ኮስተር ይባላል። ተማሪያችን ያየችው «ቴምፔስቶ» የሚባለውን ነው። የሚገኘው በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ ቡሽ ጋርደንስ ዊሊያምስበርግ በተባለው ፓርክ ውስጥ ሲሆን የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ፓርኩ የአውሮፓ አገሮችን በሚያስመስሉ መንደሮች የተከፋፈለ ነው፤ ቴምፔስቶ ያለው በጣሊያኑ መንደር ስለሆነ ስሙም ጣሊያንኛ ይመስላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የዋሽንግተን አካባቢ ከዚያ ብዙም ስለማይርቅ፣ በበጋ ዕረፍት ልጆቻቸውን ይዘው የሚሄዱ የአገራችን ሰዎች አሉ። የቪዲዮው አመጣጥም በዚህ መንገድ ነው።

የሠራው ፕሪሚየር ራይድስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ሞዴሉ «ስካይ ሮኬት 2» ይባላል። ከዚህ ዓይነት የመጀመሪያው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2012 በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ቫሌሆ ከተማ በሚገኘው ሲክስ ፍላግስ ዲስከቨሪ ኪንግደም ፓርክ ነው። ከዚያ ወዲህ በሌሎች ፓርኮችም ተተክሏል።

መጠኑን ልብ በሉ። የቴምፔስቶ ሐዲድ ጠቅላላ ርዝመት 263 ሜትር ገደማ ነው። ይህ አንድ ዙር የሩጫ ሜዳ፣ ማለትም 400 ሜትር፣ ሁለት ሦስተኛውን እንኳ አይሞላም። ሆኖም ከፍታው 47 ሜትር ያህል፣ ፍጥነቱም በሰዓት 101 ኪሎ ሜትር ነው። ባቡሩ አንድ ብቻ ሲሆን በሦስት ፉርጎዎች 18 ሰው ይይዛል። ለማነጻጸር ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2010 አቡዳቢ ውስጥ የተከፈተው «ፎርሙላ ሮሳ» በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ሐዲዱ ግን 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ያኛው ሰፊ በረሃ ያለው ሰው ሥራ ነው። ይኼኛው ደግሞ ጠባብ ቦታ ያለው ሰው ብልሃት ነው። እኛም አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ፈረቃ የምናስተምር ሰዎች ስለሆንን የጠባብ ቦታ ብልሃት ይገባናል።

ከዳገት ወደ ማስፈንጠር

የሮለር ኮስተር ቅድመ አያት ሩሲያውያን በክረምት ከእንጨት ሠርተው በረዶ እያለበሱ የሚንሸራተቱበት ዳገት ነው። በአሜሪካ ደግሞ ላማርከስ ቶምሰን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1884 ኒውዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ ላይ የእንጨት ሐዲድ ሠርቶ በአምስት ሳንቲም ሰው ማሳፈር ጀመረ። ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ስለነበር ጎበዝ ሯጭ ጥሎት ይሄዳል። ግን ሰው ተሰልፎ ተሳፈረበት።

ከዚያ በኋላ የተሠሩት አብዛኞቹ የሚሠሩበት ዘዴ አንድ ነው። ሰንሰለት ባቡሩን ቀስ እያለ ወደ ረጅም ዳገት ይጎትተዋል፤ ከጫፍ ይለቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ የሚሠራው የመሬት ስበት ነው። አንድ ጊዜ ከላይ የተሰጠውን እያወጣ፣ ልክ የወር ደመወዝ እንደሚያብቃቃ ሰው፣ እስከ መጨረሻው ይደርሳል። የዚህ ዘዴ ችግሩ ቦታ ነው። ረጅም ዳገት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል።

ዳገቱን የሚተካ ነገር ፍለጋ ከተነሡት አንዱ ጀርመናዊው መሐንዲስ አንቶን ሽዋርዝኮፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ቨርጂኒያ ውስጥ ኪንግስ ዶሚኒየን በተባለ ፓርክ ከእሱ ሥራዎች አንዱ ተከፈተ። አሠራሩ ቀላል ነበር፤ በጣም ከባድ ክብደት ከማማ ላይ ሲወድቅ በገመድ ባቡሩን ይስበዋል። ባቡሩ ተስፈንጥሮ ክቡን ይዞራል፣ ተዳፋቱን ይወጣል፣ ከዚያ በዚያው መንገድ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከውኃ ጉድጓድ ባልዲ በድንጋይ ክብደት ሲወጣ ያየ ሰው ሐሳቡ አይጠፋውም።

ሁለተኛው ትልቅ እርምጃ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በዚያ ዓመት ፕሪሚየር ራይድስ ገመድም፣ ሰንሰለትም፣ የሚወድቅ ክብደትም ሳይኖር በማግኔት ኃይል ብቻ የሚስፈነጠሩ ሁለት ባቡሮችን በኦሃዮና በቨርጂኒያ ከፈተ። ቴምፔስቶ የዚያ ቤተሰብ ልጅ ነው።

ሳይነካ የሚገፋው ሞተር

ማግኔት ከማግኔት ጋር ያጫወተ ልጅ ሁሉ ሁለት ነገር ያውቃል። ተመሳሳይ ጫፎች ይገፋፋሉ፤ ተቃራኒ ጫፎች ይሳሳባሉ። ሁለተኛው ማወቅ ያለብን ነገር፣ የተጠቀለለ ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት እሱም ማግኔት መሆኑ ነው። የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ ስንገለብጥ ጫፎቹም ይገለበጣሉ። ጎማውን ስንዘጋው ደግሞ ማግኔትነቱ ይጠፋል፤ ማለቴ ማብሪያውን ስንዘጋው።

ተራ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ለምሳሌ የቬንትሌተር ሞተር፣ በክብ የተደረደሩ ጥቅል ሽቦዎች አሉት፤ በመካከላቸው ያለው ክፍል ይሽከረከራል። አሁን ይህን ሞተር በሐሳባችሁ በመቀስ ቆርጣችሁ እንደ ምንጣፍ ዘርጉት። ጥቅል ሽቦዎቹ በሐዲዱ ላይ በመስመር ይደረደራሉ። የሚሽከረከረው ክፍል ደግሞ በባቡሩ ሥር የተገጠሙ ቋሚ ማግኔቶች ይሆናል። ባቡሩ ወደ አንዱ ጥቅል ሲቀርብ ጥቅሉ ይስበዋል፤ ሲያልፈው አቅጣጫው ተገልብጦ ከኋላ ይገፋዋል፤ ቀጣዩ ጥቅል ይቀበለዋል። በሐዲዱ ላይ ያሉ መለኪያዎች ባቡሩ በየትኛው ቅጽበት የት እንዳለ ለኮምፒዩተሩ ይነግሩታል፤ ኮምፒዩተሩም ኤሌክትሪኩን በዚያው ልክ ያፈራርቃል። ሞተሩና ባቡሩ አይነካኩም፤ ስለዚህ በመካከላቸው የሚያልቅ ጥርስ ወይም የሚበጠስ ገመድ የለም።

ለምን ሦስት ጊዜ?

ተማሪያችን ከነገረችን ሁሉ ይበልጥ የገረመኝ ይኼ ነው። ባቡሩ በአንድ ምት ለምን አይወጣም?

በዚህ ጽሑፍ «ኢነርጂ» የምለው ሥራ ለመሥራት የሚያስችል ዐቅምን ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሴኮንድ 27.8 ሜትር ሲሮጥ የሚይዘው ኢነርጂ የክብደቱ ግማሽ ሲባዛ በፍጥነቱ፣ እንደገና ሲባዛ በፍጥነቱ ነው። 30 ሲባዛ በ27.8 ሲባዛ በ27.8፣ ወደ 23 ሺህ ጁል ይመጣል። ብዙ ይመስላል። አንድ ግራም ስኳር ለሰውነታችን የሚሰጠው 17 ሺህ ጁል ገደማ ነው። ስለዚህ አንድን ሰው በመቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለማስፈንጠር የሚበቃው ኢነርጂ በሻይ ማንኪያ አንድ ሦስተኛ ስኳር ውስጥ አለ!

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ችግሩ ጊዜና ቦታው ነው። ያንን ሁሉ ኢነርጂ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ፣ በአጭር ሐዲድ ላይ፣ ለ18 ሰውና ለብዙ ኩንታል ብረት በአንድ ምት መስጠት በጣም ብርቱ ሞተርና ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል። ሐዲዱ ቢረዝም በዝግታ መግፋት ይቻል ነበር። ግን ቦታ የለም። እዚህ ላይ መሐንዲሶቹ ዥዋዥዌ የሚያውቅ ልጅ ሁሉ የሚያውቀውን አደረጉ። አጭሩን ሐዲድ ሦስት ጊዜ ተጠቀሙበት።

ታናሽ ወንድማችሁን ዥዋዥዌ ላይ አስቀምጣችሁ ስትገፉት በአንድ ግፊት ሰማይ አታደርሱትም። ትገፉታላችሁ፤ ይሄዳል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ሊሄድ ሲል ትጨምሩለታላችሁ። እያንዳንዱ ግፊት በፊተኛው ላይ ይደመራል። ቴምፔስቶም ከመሳፈሪያው ወደ ፊት ይገፋል፣ የተወሰነ ከፍታ ወጥቶ ይመለሳል፤ ሲመለስ በመሳፈሪያው በኩል ወደ ኋላ ሲያልፍ በዚያው ወደ ኋላ አቅጣጫ ይገፋል፣ በኋላ በኩል ይበልጥ ይወጣል፤ ከዚያ ወርዶ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያልፍ ወደ ፊት ይገፋል፤ አሁን ይወጣል።

ቁጥሩን በቀላል ምሳሌ እንየው። ሰበቃን እንተወውና እያንዳንዱ ግፊት እኩል ኢነርጂ ይሰጣል እንበል። የመጨረሻው ፍጥነት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ ከአንደኛው ግፊት በኋላ ፍጥነቱ 58፣ ከሁለተኛው በኋላ 82፣ ከሦስተኛው በኋላ 100 ይሆናል። የሚወጣው ከፍታ ደግሞ በቅደም ተከተል 13፣ 26 እና 39 ሜትር ይሆናል። ፍጥነቱ እኩል እኩል አይጨምርም፤ ከፍታው ግን እኩል ይጨምራል። ይህ ለምን እንደሆነ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች በደብተራችሁ አረጋግጡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ዥዋዥዌው ወደ እናንተ እየመጣ ሳለ ወደ ፊት ብትገፉት ታስቆሙታላችሁ፤ እጃችሁንም ያማችኋል። ግፊት የሚደመረው በትክክለኛው ጊዜ፣ በትክክለኛው አቅጣጫ ሲመጣ ነው።

ስሌቱ የማይገጥም ሲመስል

ጎበዝ ተማሪ እዚህ ላይ ያቆመኛል። «በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚወጣው 39 ሜትር ነው ብለዋል። ማማው ግን 47 ሜትር ነው። እንዴት አለፈ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ፍጥነቱን በትክክል 101 ብናደርገው እንኳ 40 ሜትር ገደማ ነው የሚመጣው። ሁለት ነገሮችን ማሰብ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የማማው ከፍታ የሚለካው ከመሬት ነው፤ ባቡሩ የሚነሣው ግን በምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ ከተሠራ መሳፈሪያ ነው። ሁለተኛ፣ ስሌታችን ባቡሩን እንደ አንዲት ነጥብ ይቆጥረዋል፤ ባቡሩ ግን ረጅም ነው። ፊተኛው ፉርጎ ጫፍ ላይ ሲደርስ ኋለኛው ገና ከታች ነው፤ ኋለኛው ጫፍ ሲደርስ ፊተኛው መውረድ ጀምሯል። ደግሞም ጫፍ ላይ ሐዲዱ ስለተገለበጠ ሰዎቹና ፉርጎዎቹ ከሐዲዱ በታች ተንጠልጥለዋል። ስለዚህ የባቡሩ የክብደት ማዕከል ወደ 47 ሜትር መውጣት አያስፈልገውም። የከፍታ ዝላይ ስፖርተኛ ጀርባውን ቀስት አድርጎ ዘንጉን ሲሻገር የምታዩት ብልሃት ነው።

ያም ሆኖ የተረፈው ኢነርጂ ጥቂት ነው። ባቡሩ ማማው ጫፍ ላይ የሚያዘግመውም ለዚህ ነው። የወጣው ኢነርጂ ሁሉ ወደ ከፍታ ተለውጧል። ተማሪያችን በዓይኗ ያየችውን ስሌቱም ይመሰክርላታል።

እንግዲህ ለምን አይወድቁም?

አሁን ወደ ዕዳዬ። የባልዲው ነገር እውነት ነው፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ክንዳችሁና ባልዲው በአንድ ላይ አንድ ሜትር ቢሆኑ፣ ባልዲው ጫፍ ላይ ሲደርስ በሴኮንድ ቢያንስ 3.1 ሜትር መሄድ አለበት። በአማካይ አንድ ዙር በሁለት ሴኮንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ማለት ነው። ከዚያ ከዘገየ ውኃው ጭንቅላታችሁ ላይ ነው። እባካችሁ በግቢው እንጂ በክፍል ውስጥ አትሞክሩት።

እንደ ባልዲው የሚሠሩ ሮለር ኮስተሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 ካሊፎርኒያ ውስጥ ማጂክ ማውንቴን በተባለ ፓርክ የተከፈተው «ሬቮሉሽን» በዘመናዊ የብረት ሐዲድ ቁም ክብ ዞሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ያሳፈረ ነው። ክቡ ፍጹም ክብ ሳይሆን እንደ እንባ ጠብታ ወደ ላይ የጠበበ ነው። ጫፉ ላይ ጠበብ ያለ ስለሆነ ባቡሩ ቢዘገይም ሰዎቹ ወደ ወንበራቸው እንደ ተጫኑ ያልፋሉ። ታች ሰፊ ስለሆነ ደግሞ አንገት የሚሰብር ጫና አይመጣም።

ቴምፔስቶ ጫፍ ላይ ግን ክብ አይዞርም። ሐዲዱ ራሱ በረጅሙ ተጠማዟል፤ ሰዎቹ በልባቸው አካባቢ በሚያልፍ ምናባዊ ዘንግ ዙሪያ ቀስ ብለው ይገለበጣሉ። ፍም ላይ እንደሚገላበጥ የበቆሎ እሸት ማለት ነው። እሸቱን ወደ ዱላው የሚጫነው ምንም ነገር የለም። ሰዎቹንም ወደ ወንበራቸው የሚጫናቸው ነገር የለም። ተገልብጠው ሳለ ክብደታቸው ሙሉ በሙሉ የሚያርፈው ጭናቸውን በያዘው መያዣ ላይ ነው።

ስለዚህ ትክክለኛው መልስ ይኼ ነው፤ የማይወድቁት ፍጥነት ስለያዛቸው ሳይሆን መያዣው ስለያዛቸው ነው። ባቡሩ ራሱ ከሐዲዱ የማይወድቀው ደግሞ ጎማዎቹ በሦስት ወገን ስለሆኑ ነው። አንዱ ረድፍ ከሐዲዱ በላይ፣ አንዱ ከጎን፣ አንዱ ከሥር ሆነው ሐዲዱን እንደ ጣቶች ጨብጠውታል። ባቡሩ ቢገለበጥ ከሥር የነበሩት ጎማዎች ተሸካሚ ይሆናሉ።

እንዴት ይቆማል?

ባቡሩን የሚያቆመው ፍሬን ለማስተማር በጣም የሚመች ነገር ነው። ብርቱ ማግኔት በመዳብ ወይም በአሉሚኒየም አጠገብ ሲያልፍ፣ እነዚህ ብረቶች በማግኔት የማይሳቡ ቢሆኑም፣ በውስጣቸው የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል። ጅረቱም የራሱን ማግኔት ፈጥሮ እንቅስቃሴውን ይቃወማል። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 የመጀመሪያውን ክፍል አሳየ፤ ሃይንሪክ ሌንዝ በ1834 የተቃውሞውን አቅጣጫ ሕግ አደረገው።

የዚህ ፍሬን ውበቱ ኤሌክትሪክ ከውጭ አለመፈለጉ ነው። መብራት ቢጠፋም ይሠራል፤ እንቅስቃሴው ራሱ ፍሬኑን ያበራዋል። ባቡሩ በፈጠነ መጠን ተቃውሞው ይበረታል፤ ሲዘገይ ይለዝባል። እኛ አካባቢ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ለምናውቅ ሰዎች ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ከአሮጌ የኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ የወጣ ብርቱ ማግኔት ካገኛችሁ በተዘነበለ ወፍራም የአሉሚኒየም ሳህን ላይ አንሸራትቱት። ሳይጣበቅ እንደ ማር ቀስ ብሎ ሲወርድ ታያላችሁ።

ደግሞ ይህን አስቡ። በሦስተኛው ግፊት ባቡሩ ለጥቂት ሳይሻገር ቢቀር ምን ይሆናል? ወደ ኋላ ይመለሳል። መመለስ ግን ለዚህ ማሽን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቀድሞውንም ሁለት ጊዜ እንዲመለስ ተደርጎ ነው የተሠራው።

ለወላጆች አንድ ቃል

ለዕረፍት ዘመድ ጋ ሄዳችሁም ሆነ እዚሁ በበዓል ሰሞን በሚተከሉ መጫወቻዎች ልጆቻችሁን ስታሳፍሩ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ የመያዣውን ነገር ያዙ። እንደ ቴምፔስቶ ያለው መጫወቻ 137 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ሰው አይቀበልም። ይህ ልክ የድፍረት መለኪያ አይደለም። መያዣው በትክክል የሚይዘው ለእሱ የተሠራለትን አካል ስለሆነ ነው። «ልጄ ደፋር ነው፣ ሁለት ጣት ነው የጎደለው» ብሎ መከራከር፣ ወይም ጫማ ውስጥ ካልሲ ጠቅጥቆ ማስረዘም ልጁን ከመያዣው ጋር ማጣላት ነው። ዘመናዊው ማሽን አንድ መያዣ እንኳ ካልተቆለፈ ኮምፒዩተሩ እንዲነሣ አይፈቅድለትም። አሮጌው መጫወቻ ግን ኮምፒዩተር የለውም፤ ያለው የሠራተኛው ዓይንና የእናንተ ዓይን ነው። መያዣው በእጅ ሲነቀነቅ የሚላቀቅ ከሆነ፣ ወይም ሠራተኛው ሳያይ የሚያስነሣ ከሆነ ልጃችሁን አውርዱ። ልጁ ያለቅስ ይሆናል፤ ያልፍለታል።

ስለሚመለሱ ባቡሮች

ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር። ግን ሰኔ ላይ የውጤት ዝርዝር ስንለጥፍ የቆምኩበት ቦታ ትዝ አለኝ።

በየዓመቱ ክፍል የሚደግሙ ልጆች አሉን። ዝርዝሩ ፊት ቆመው ስማቸውን የሚያጡበትን ደቂቃ ከቢሮዬ መስኮት አየዋለሁ። እስከ ዛሬ ለእነዚህ ልጆች የምንለው «አይዞህ፣ በርታ» ነበር። መስከረም ሲደርስ ያንኑ መጽሐፍ ይዘው፣ እዚያው ክፍል፣ አንዳንዴም እዚያው ወንበር ላይ እናስቀምጣቸዋለን። የሚያስተምራቸውም ያው መምህር፣ በዚያው መንገድ ነው።

ባቡሩን ሳየው ይኼ ድርጊታችን አሳፈረኝ። ከከፍታው የተመለሰ ባቡር በመሳፈሪያው ሲያልፍ ማንም ካልገፋው፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ በሰበቃ እየደከመ መጨረሻ ላይ ይቆማል። መመለሱ አያወጣውም። የሚያወጣው ሲመለስ የሚጠብቀው ግፊት ነው፤ እሱም በትክክለኛው ጊዜ፣ እሱ በሚሄድበት አቅጣጫ የሚመጣ ግፊት። የእኛ ልጆች ተመልሰው ሲመጡ ግን መሳፈሪያው ላይ ማንም አልጠበቃቸውም። ጥፋቱን የልጆቹ አድርገን ቆይተናል፤ የትምህርት ቤቱ፣ በተለይም የእኔ ነበር።

ስለዚህ ከመጪው መስከረም ጀምሮ ክፍል የሚደግም ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ከአንድ መምህር ጋር ተቀምጦ የት ላይ እንደ ተመለሰ ይለያል። ክፍልፋይ ላይ ነው? ንባብ ላይ ነው? ወይስ ቤት ውስጥ ያለ ችግር ነው? ቅዳሜ ጠዋት በዚያ በተለየው ነገር ላይ ብቻ ትምህርት ይሰጠዋል። የመጀመሪያውን ቡድን እኔ እይዛለሁ። ወላጆች በዚያ ሰዓት ልጆቹን ለሱቅም ሆነ ለቤት ሥራ እንዳታስቀሩብን አደራ እላለሁ።

ለጠያቂዋ ተማሪ ደግሞ፦ ልጄ፣ ልክ ነበርሽ። እኔ መልሱን የማውቀው መሰለኝና ያየሽውን ነገር ሳላይ መለስኩልሽ። በሚቀጥለው ጊዜ «እዚያ ላይ'ኮ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው» ስትዪኝ ደወል ቢደወልም ቁጭ ብዬ እሰማሻለሁ።